ወጥም ታሪክ አለው

ፊደል ቆጥራችሁ ንባብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ንጉሥንና ጦርነትን ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ወጥ ላወራችሁ ነው። ምነው መምህር፣ ወጥም ታሪክ አለው እንዴ? ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ አለው!

ቀይ ወጥ ከአዳም ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። ነገር ግን የበርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። አውሮፓውያን ያወቁት ኮሎምበስ በእነሱ አቆጣጠር በ1492 ባሕር ተሻግሮ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀጥሎም የፖርቱጋል መርከበኞች ወደ ሕንድ አገር አደረሱት። ወደኛም የዘለቀው ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያው አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ማዕድ ላይ በዚህ በርበሬ የቀላ ወጥ አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ ቅመም አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ! ኮረሪማ የገዛ አገራችን የደቡብ ምዕራብ ደን ፍሬ ነው። ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብልም ከእስያ የመጡ የጥንት የንግድ ዕቃዎች ናቸው።

እንግዳውን በርበሬ ያለመዱት እነማን ናቸው? አድርቆ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ደልዞ፣ አምሶ መፍጨትን ያገኙት በጓዳ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ጦር የመሩት ስማቸው ተጽፏል፤ አገር ያበሉት ግን አልተጻፈላቸውም።

ይኸው ነገር በኔም ቤት ደርሷል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከአንድ ቅልጥም ለስምንት ሰው የሚበቃ መረቅ ታወጣ ነበር። ሽንኩርቱን አድቅቃ በዝግታ ታቁላላለች፤ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ትጨምራለች፤ ቅልጥሙን ከታ፣ ውኃ ሞልታ፣ እሳቱን ቀንሳ ትተወዋለች። እስከዚህ አውቃለሁ። ሊወጣ ሲል ግን ከትንሽ ቋጠሮ አንድ ነገር ቆንጥራ ጣል ታደርግበት ነበር። ምን እንደሆነ ሳልጠይቃት አረፈች። እኅቶቼም እኔም ሞክረናል፤ ያ ጣዕም አልተመለሰም። የሰው ልጅ ሀ ሁ ሳስቆጥር የእናቴን ሙያ ሳልጽፍ ቀረሁ!

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ደብተራችሁን አውጡና አንድ ወጥ ጻፉ። ስንት ራስ ሽንኩርት? ስንት ማንኪያ ቅቤ? ስንት ሰዓት ይበስላል? መጻፍ ያልደረሰላችሁ እናንተ ተናገሩ፣ ልጃችሁ ይጻፍ። ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም፤ ይታረማል። ከሁሉ በላይ ግን የባለሙያዋን ስም ከራሱ ላይ ጻፉ። ታሪክ ማለት ይህም ነውና።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።