«ልዩ» እና «ጋር»፦ የአንድ ስያሜ ጉዞ ከሰበታ እስከ ጅግጅጋ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው «ልዩ ትምህርት» የሚለው ስያሜ በአማርኛ ያለፈበትን መንገድና ወደ ሶማልኛ ሲመለስ የሚገጥመውን ችግር ነው። ጉዳዩ የጅግጅጋን፣ የቀብሪ በያህንና የአውበሬን መምህርና ተርጓሚ በቀጥታ ይነካል፤ በአማርኛ የተጻፈውን የፌዴራል ሰነድ ለወላጅ የሚያስረዱት በሶማልኛ ነውና።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሰበታ የተቋቋመው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት «መርሐ ዕውራን» ተባለ። «ዕውር» በአማርኛ ለስድብ ጭምር የሚውል ቃል ሲሆን፣ በግእዝ ብዙ ቁጥርና በግእዝ ዘርፍ አያያዝ ሲነገር ክብር አገኘ። «ዓይነ ስውር»፣ «መስማት የተሳነው»፣ «አካል ጉዳተኛ» የሚሉት ሐረጎችም የቀድሞዎቹን ሸካራ ቃላት እየተኩ መጡ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የሚሰይሙት ተማሪውን ነው፤ ለተማሪው ሊደረግለት የሚገባውን አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ዓላማ አደረገ። በዚያው ዓመት በስፔን አገር፣ በሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት መደበኛው ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሁሉ እንዲቀበል ጥሪ አቀረቡ። የትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ ስትራቴጂው በ2004 ዓ.ም. ሲሻሻል «አካቶ ትምህርት» የሚለው ስያሜ ታከለበት። ለውጡ ቀላል አይደለም። «ልዩ» ከ«ለየ» የወጣ በመሆኑ ብልጫንም መነጠልንም ይይዛል። «አካቶ» ግን ከ«አካተተ» የወጣ ሲሆን የድርጊቱ ባለቤት ትምህርት ቤቱ ነው።

ሶማልኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካገለገሉት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግእዝ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን የክልሉ ትምህርት ቤቶች በላቲን ፊደል ያስተምሩበታል። «ልዩ» ወደዚህ ቋንቋ ሲመለስ «ጋር አህ» ይሆናል። ቃሉ «ልዩ» ማለት ነው፤ «ለብቻ» እና «የግል» ማለትም ነው፤ መንግሥታዊ ያልሆነ የግል ትምህርት ቤት የሚጠራውም በዚሁ «ጋር» ነው። ስለዚህ አንዲት እናት «ዋሕባራሾ ጋር አህ» ሲባል ሰምታ፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ወይም ልጇን ከእኩዮቹ የሚነጥል ትምህርት ቢመስላት አያስገርምም። ልጁ ሳይመዘገብ የሚቀረው በዚህ የተነሣ ከሆነ ጉዳቱ ከመዝገበ ቃላት ገጽ ያልፋል። በፊደል ቢጻፉ አንድ የሚመስሉት ሁለቱ ቃላት በፍቺ ተቃራኒ መሆናቸውንም ልብ ይሏል፤ የአማርኛው «ጋር» አብሮነትን፣ የሶማልኛው መለየትን ያመለክታል።

እንግዲህ የሚከተለውን ሐሳብ ለውይይት እናቀርባለን። ተርጓሚው መነሻ ማድረግ የሚገባው «ልዩ»ን ሳይሆን «አካቶ»ን ነው። ሶማልኛም ለዚህ የተዘጋጀ አነጋገር አለው፤ «ሎ ዻን ያሃይ» ማለት «ሁሉም ያለበት» ማለት ሲሆን፣ ሁሉን ያካተተ መንግሥት ለማለትም ይነገራል። ብሬል ወይም የምልክት ቋንቋ ሲያስፈልግ ደግሞ ድጋፉ በስሙ ይጠራ። እንዲህ ከሆነ ወላጅ ከስያሜው የሚረዳው የልጁን ጉድለት ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ግዴታ ይሆናል።