የድምፅ ረዳቶችና የጾታ አድልዎ በአማርኛ

የድምፅ ረዳት ማለት በንግግር የሚታዘዝና በንግግር የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በስልክ፣ በመኪናና በቤት ውስጥ ድምፅ ማጉያ ላይ ይሠራል። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቁት የአፕል ሲሪ፣ የአማዞን አሌክሳና የጉግል አሲስታንት ናቸው። በእነዚህ ረዳቶች ላይ የሚነሣው የጾታ አድልዎ ጥያቄ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፦ ረዳቱ በማን ድምፅ እንደሚናገር፣ ተጠቃሚውን ወይም ተጠቃሚዋን እንዴት እንደሚጠራ፣ እንዲሁም የማንን ንግግር በትክክል እንደሚሰማ። በእንግሊዝኛ ብዙ የተወራው ስለ መጀመሪያው ነው። በአማርኛ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው የበለጠ ክብደት አላቸው። የአማርኛ ግስ የሚነገረውን ሰው ጾታ በውስጡ ይይዛል፤ በድምፅ የሚሠራ አገልግሎት ከሁሉ በላይ የሚጠቅማቸው ማንበብ ያልተማሩ ሰዎችም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

አሠራር

አንድ የድምፅ ረዳት ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ነው። ሁለተኛው የጽሑፉን ትርጉም ተረድቶ መልስ የሚያዘጋጅ ነው። ሦስተኛው መልሱን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ነው። ሦስቱም የሚማሩት ከተሰበሰበ መረጃ፣ ማለትም ከሰዎች ንግግርና ጽሑፍ ነው። በመረጃው ውስጥ የበዛውን ነገር ፕሮግራሙ እንደ ተለመደ ይወስደዋል፤ ያነሰውን ደግሞ ይስታል። አድልዎ የሚገባው በአብዛኛው በዚህ መንገድ እንጂ ማንም ሰው አስቦ ስለጻፈው አይደለም።

እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ ሲሪ፣ አሌክሳና ጉግል አሲስታንት አማርኛን አይናገሩም ነበር። ክፍሎቹ ግን በተናጠል ለአማርኛ ተሠርተዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ፣ በ2017 ደግሞ በድምፅ ወደሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አስገብቷል። ማይክሮሶፍት ጽሑፍን የሚያነቡ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ የሴቷ ድምፅ መቅደስ፣ የወንዱ ድምፅ አምሀ ይባላሉ።

የሴት ድምፅ ምርጫ

ሲሪ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሥራ ስትጀምር በሴት ድምፅ ነበር፤ በብሪታንያ ግን በወንድ ድምፅ ተጀመረች። በ2014 የወጡት አሌክሳና የማይክሮሶፍት ኮርታና በሴት ድምፅና በሴት ስም ቀረቡ። ዩኔስኮ በ2019 ባሳተመው ዘገባ፣ ታዛዥ ረዳት ሁልጊዜ በሴት ድምፅ ሲቀርብ ሴት ለማገልገል ዝግጁ፣ ለስድብም ትሑት ናት የሚለውን አመለካከት እንደሚያጠናክር አስጠንቅቋል። የዘገባው ርእስ የተወሰደው ሲሪ በጾታዋ ስትሰደብ ትሰጠው ከነበረው መልስ ነው፤ መልሱ ማፈር ብትችል ኖሮ ታፍር እንደነበር የሚገልጽ ነበር። ይህ መልስ ከጊዜ በኋላ ተቀይሯል። በ2021 አፕል የእንግሊዝኛ ሲሪ ተጠቃሚዎች ድምፁን ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገ፤ አማዞንም በዚያው ዓመት ለአሌክሳ የወንድ ድምፅ ጨመረ።

በኢትዮጵያ በሴት መልክ የተሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምሳሌ ሆና የታወቀችው ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ናት። ሶፊያን የሠራው መቀመጫውን በሆንግ ኮንግ ያደረገው ሃንሰን ሮቦቲክስ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ በሶፍትዌሯ ዝግጅት ተሳትፏል። ሮቦቷ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባን ጎብኝታለች።

ጾታ በአማርኛ ሰዋስው

በእንግሊዝኛ አንድ ማሽን ሰውን ሲያናግር የሰሚውን ጾታ ማወቅ አያስፈልገውም። በአማርኛ ግን ነጠላ ሰሚን በተራ አነጋገር ለማናገር ጾታውን መምረጥ ግዴታ ነው። «መዝራት» የሚለውን ግስ ብንወስድ፣ ለወንድ «ዘራህ»፣ ለሴት «ዘራሽ» ይባላል። በትእዛዝም ለወንድ «ዝራ»፣ ለሴት «ዝሪ» ነው። በአንጻሩ አንደኛ መደብ ጾታ የለውም፤ «ዘራሁ» የሚለው ቃል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት አይገልጽም። ስለዚህ አማርኛ የሚናገር ማሽን ስለ ራሱ ሲያወራ ጾታውን መግለጽ አያስፈልገውም፤ ሰሚውን በተራ አነጋገር ሲያናግር ግን የሰሚውን ጾታ መገመት አለበት።

ግዴታው በሰውየውም በኩል አለ። ስልኩን በድምፅ የሚያዝ ሰው «ክፈት» ወይም «ክፈቺ» ብሎ ለማሽኑ ጾታ ይሰጠዋል። በአማርኛ በተዘጋጁ የስልክና የኮምፒውተር ገጾች ላይ ያሉ ቁልፎች «ላክ»፣ «ሰርዝ»፣ «አስቀምጥ» የሚሉ ናቸው፤ ማሽኑ በወንድ አንቀጽ ይታዘዛል ማለት ነው።

የአማርኛ ጾታ ተፈጥሯዊውን ጾታ ብቻ አይከተልም። ትንሽነትን ወይም ፍቅርን ለመግለጽ ግዑዝ ነገር በሴት አንቀጽ ይጠራል፤ «ስልኳ»፣ «መኪናዋ» የሚባለው በዚህ ልማድ ነው። ወንድ ልጅን ሲያቆላምጡ «አንቺ» ማለትም የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ተጠቃሚ ረዳቱን በሴት አንቀጽ ሲጠራ ሁልጊዜ የአገልጋይነት ትርጉም አለው ማለት አይቻልም።

የትርጉም መሣሪያዎች

አድልዎው በቀላሉ የሚታየው በትርጉም መሣሪያዎች ላይ ነው። እንግሊዝኛው ሰሚውን ወይም ባለሙያውን ጾታ ሳይሰጥ ሲጠራ፣ አማርኛው ግን አንዱን መምረጥ አለበት። መሣሪያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የወንዱን ቅርጽ ነው፤ ለምሳሌ «ዶክተሩ ደረሰ»። የቤት ውስጥና የእንክብካቤ ሥራ ሲሆን ደግሞ ወደ ሴት ቅርጽ ያዘነብላሉ። ይህ ዝንባሌ በልዩ ልዩ የዓለም ቋንቋዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ለጥቂት ቋንቋዎች የወንድና የሴት ትርጉምን ጎን ለጎን ማሳየት ጀምሯል።

በንባብ ላይ እንዲህ ያለውን ስሕተት አንባቢው አይቶ ያርመዋል። በድምፅ ሲሆን ግን ሰሚዋ የምትሰማው ለሌላ ሰው የተነገረ ምክር ነው። ገበሬ ሁሉ ወንድ ነው ብሎ የሚገምት ፕሮግራም እርሻዋን ራሷ ለምታስተዳድር እማወራ «ስንዴውን ስትዘራ» እያለ ይመክራታል።

የንግግር ክምችቶችና የመንዝ አማርኛ

የቋንቋ ተመራማሪዎች የአማርኛን ዘዬዎች ብዙውን ጊዜ በአምስት ይከፍሏቸዋል፦ የአዲስ አበባ፣ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የመንዝ። መንዝ ከግሼና ከመርሐቤቴ ጋር በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ይገኛል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ የመንዝ በግም የታወቀ ዝርያ ነው። ነዋሪው በአብዛኛው ከእርሻና ከከብት እርባታ ይተዳደራል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ገበሬ በድምፅ የሚሠራ አገልግሎት አዲስ ነገር አይደለም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 የስልክ መስመር የእርሻ ምክርን በነጻ ያሰማል። ደዋዩ ቁልፍ እየተጫነ ቋንቋና ሰብል ይመርጣል፤ ከዚያ የተቀዳ ድምፅ ያዳምጣል። ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም፤ ነገር ግን ጽሑፍ ማንበብ የማይጠይቅ አገልግሎት ለገጠር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል። ቀጣዩ ደረጃ ደዋዩ በራሱ አነጋገር ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት ነው፤ ለዚህም ማሽኑ የደዋዩን ድምፅና ዘዬ መስማት መቻል አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው ማሽኑ ከሚማርበት የንግግር ክምችት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነውና ለብዙ የአማርኛ ጥናቶች መነሻ ያገለገለው ክምችት፣ 100 ሰዎች 10,850 ዓረፍተ ነገሮችን ያነበቡበት የ20 ሰዓት ያህል የማሠልጠኛ ድምፅ አለው። ዓረፍተ ነገሮቹ የተወሰዱት በድረ ገጽ ከወጡ ዜናዎች ነው። ሜታ በ2023 ይፋ ያደረገው፣ ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የያዘው ፕሮጀክትም በአብዛኛው የተመሠረተው በሃይማኖታዊ መጻሕፍት ንባብ ላይ ነው፤ አንባቢዎቹ ብዙውን ጊዜ ወንዶች እንደሆኑ ኩባንያው ራሱ ገልጿል። ሞዴሎቹ ግን የሴትንም የወንድንም ድምፅ እኩል እንደሚለዩ ባደረገው ፍተሻ ማረጋገጡን ተናግሯል።

በንባብ የሚሰበሰብ ክምችት አንድ መሠረታዊ ገደብ አለው፦ ማንበብ የማይችል ሰው ድምፁ ሊገባበት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ማንበብ የሚችሉት ሴቶች 42 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ክምችቱ ሴትና ወንድ አንባቢዎችን እኩል ቢይዝ እንኳ፣ በክምችቱ ውስጥ ያለችው ሴት የተማረችዋ ናት። የተነበበ የዜና አማርኛም መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ወይም ዓለም ከተማ መናኸሪያ ውስጥ ከሚሰማው ወሬ ይለያል።

የኢትዮጵያውያን ድርሻ

በመረጃ አሰባሰብ ምክንያት የሚመጣውን አድልዎ ለዓለም ካሳዩት መካከል በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ትገኝበታለች። ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞች ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጭ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ግን ከፍተኛው ስሕተት 0.8 በመቶ እንደነበር አሳይታለች። ጥናቱ ስለ ምስል እንጂ ስለ ድምፅ አይደለም፤ ዘዴው ግን ለድምፅም ይሠራል፦ አማካይ ውጤትን ብቻ ከማየት ይልቅ ስሕተቱን በጾታና በቡድን ከፋፍሎ መለካት። የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነችው ተመራማሪ አበባ ብርሃኔም ትልልቅ የምስል ክምችቶች ውስጥ ያሉ ዘረኛና ጾተኛ ስያሜዎችን መርምራለች፤ በ2020 ከቪናይ ፕራብሁ ጋር ያወጣችው ጥናት ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ ታዋቂ ክምችቱን ከአገልግሎት እንዲያወጣ አድርጓል።

አማራጭ መፍትሔዎች

አማርኛ ለአጠራሩ ችግር የራሱ መውጫ አለው። የአክብሮት አነጋገር በነጠላ ሰሚ ላይ ጾታን አይለይም፦ «እርስዎ ዘሩ»፣ «ይዝሩ»። በመንዝና በሌሎች የገጠር አካባቢዎች ለታላቅ ሰው የሚባለው «አንቱ»ም እንዲሁ ለወንድም ለሴትም ያገለግላል። በአማርኛ በተዘጋጁ ፕሮግራሞች ውስጥ ለተጠቃሚው የሚቀርቡ መልእክቶች ብዙ ጊዜ በእርስዎ የሚጻፉትም ለዚህ ያመቻል። የብዙ ቁጥሩ «እናንተ»ም ጾታ የለውም።

ይህ መፍትሔ ገደብ አለው። ሕፃንን «እርስዎ» ማለት ያስቃል፤ ከወዳጅ ጋርም ርቀት ይፈጥራል። ስለ ሦስተኛ ሰው ሲወራም ችግሩ ይቀራል፤ «ዶክተሩ ደረሱ» ቢባል ግሱ ጾታን ቢደብቅም «ዶክተሩ» የሚለው ስም ከ«ዶክተሯ» ይለያል። ስለዚህ ረዳቱ በአክብሮት ጀምሮ፣ በምን መጠራት እንደሚፈለግ መጠየቅና መልሱን ማስታወስ ይኖርበታል።

በመስማት በኩል ያለው ሥራ ደግሞ የክምችት ሥራ ነው። ማንበብን የማይጠይቁ ዘዴዎች አሉ፦ ሥዕል አሳይቶ ማስተረክ፣ በቃል ጠይቆ መልሱን መቅዳት፣ በፈቃድ የተቀዳ ጭውውትን በሌላ ሰው ማስጻፍ። እነዚህ ዘዴዎች ከንባብ ይልቅ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ያልተማረችው የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ሴት በራሷ አነጋገር ወደ ክምችቱ የምትገባባቸው መንገዶች ናቸው። ከዚያም የፕሮግራሙ ስሕተት በጾታ፣ በዘዬና በትምህርት ደረጃ ተለያይቶ ሲለካ፣ ለሁሉም እኩል መሥራት አለመሥራቱ ይታወቃል።