የውሃው መውጫ፦ ከጉዛራ ኖራ እስከ ብረት ባኞ

ከአንድ መታጠቢያ ገንዳ ክፍሎች መካከል ከባዱን ሥራ የሚሠራው፣ ትኩረት ግን ከሁሉ ያነሰ የሚሰጠው የውሃው መውጫ ነው። ገንዳው ከድንጋይ ይታነጽ ወይም ከብረት ይቀለጥ፣ እርጅናው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወደ ውስጥ የገባው ውሃ ሁሉ በመጨረሻ በአንዲት ጠባብ አፍ ይወጣል፤ ግድግዳው ከደረቀ በኋላም የመውጫው ከንፈር እንደ ረጠበ ይቆያል፤ ደለሉም፣ ሳሙናውም፣ ቅጠሉም የሚከማቸው እዚያው ነው። የሰበቃ ኪሳራ ሳይታሰብ 2 ሜትር ጥልቀት ካለው ገንዳ ሥር የሚወጣ ውሃ በሰኮንድ 6.3 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንኳ 2.4 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ውሃ ጥቂት አሸዋ ከያዘ የሚያልፍበትን ጠርዝ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግንብና ሰገነት ሲቆጥሩ መውጫውን ዘለው ያልፋሉ፤ ለመሐንዲስ ግን የአሮጌ ገንዳ ታሪክ የሚነበበው ከዚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በበጌምድር ደጋ የቆየ ነው። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ በደብረ ታቦር አጠገብ ቆሟል፤ ከተማዋም ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ርብና ጉማራ ከዚሁ ደጋ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሲወርድ ቀሪው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገር የሚሠራ ግንብ አራት ወር ይሰክራል፣ ስምንት ወር ይጠማል። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት ጣሪያው ካላፈሰሰ ይህን ሊችለው ይችላል። በጭቃ የተገነባ የውሃ ገንዳ ግን ሊኖር አይችልም፤ ጭቃው ውሃ ባገኘው ቁጥር እየላላ መጀመሪያ ከመውጫው ዙሪያ፣ ቀጥሎም ከመሠረቱ ይታጠባል። ገንዳ ለመሥራት አስቀድሞ ኖራ ያስፈልጋል።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝ ሲደርስ በኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ ያያል። ግንቡን ያሠሩት ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት አፄ ሠርጸ ድንግል ናቸው ተብሎ ይነገራል። የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽሑፎች የኖራን በአገሩ መገኘት ወደ አፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ማለትም ወደ 17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ያወርዱታል። የጉዛራ ግድግዳ ግን በኖራ የተያያዘ ነውና፣ የግንቡ ዘመን እንደሚነገረው ከሆነ፣ የበጌምድር ግንበኛ ሚሲዮናውያኑ ከጻፉት ቀደም ብሎ ኖራ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ክርክሩ የታሪክ ሊቃውንት ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው የጎንደር ዘመን ግንበኛ ሥራውን የጀመረው ኖራን በእጁ ይዞ መሆኑ ነው።

የኖራ ጠባይ ለሙያው ሰው የታወቀ ቢሆንም ለነገሩ አካሄድ መጠቀስ ይገባዋል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው የካርቦን ጋዝ ይለቃል፤ የቀረው በውሃ ሲበርድ ለስልሶ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ በግንብ ላይ ካረፈ በኋላም ያንኑ ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ይህ መመለስ ከላይ ወደ ውስጥ የሚሄድ ስለሆነ ሳምንታትን፣ በወፍራም ግንብም ወራትንና ዓመታትን ይወስዳል። ሳይጠነክር ውሃ ካገኘው ይታጠባል። ከጠነከረም በኋላ ለስላሳ የዝናብ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟዋል፤ ብዙ ውሃ በሚያልፍበት በመውጫው ዙሪያ ደግሞ ጥቂቱ ብዙ ይሆናል። ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ቱርኮችና ሕንዶች የሸክላ ዱቄት ከኖራው ጋር ያቦኩ የነበረው ይህን ድካም ስላወቁ ነው፤ እንዲህ ያለው ድብልቅ በውሃ ውስጥም ይጠነክራል።

በጎንደር ከሚገኙት የውሃ ሥራዎች ሁሉ ታላቁ የፋሲል መዋኛ ነው። ከከተማዋ መሀል ወጣ ብሎ በቀሃ ወንዝ አጠገብ በቅጥር የተከበበው ይህ ገንዳ በተለምዶ ከ1632 እስከ 1667 ለነገሡት ለአፄ ፋሲል ይሰጣል፤ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አፄ ኢያሱ የሚያስጠጉትም አሉ። በገንዳው ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ግንብ በቅስቶች ላይ ቆሟል፤ ውሃው ከቀሃ በቦይ ተመርቶ ይገባል። ዛሬ ገንዳው የሚሞላው በተለይ ለጥምቀት ነው። ጥር 11 ቀን ካህናት ውሃውን ይባርካሉ፤ ምእመናንም ወደ ውስጡ ይገባሉ። ከበዓሉ በኋላ ውሃው ይለቀቃል፤ ገንዳውም ለብዙ ወራት ፀሐይ ሲመታው ይቆያል።

ይህ አጠቃቀም ለምእመናን በረከት ሲሆን ለግንቡ ግን ፈተና ነው። ሁልጊዜ ውሃ የሚይዝ ገንዳ ኖራው እርጥበቱን ጠብቆ ይኖራል፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሆነ ግንብም የራሱ ዕረፍት አለው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሞላ፣ አንድ ጊዜ የሚለቀቅ፣ በመካከሉ የክረምት ዝናብ የሚጠጣና በበጋ የሚሰነጠቅ ገንዳ ግን ሁለቱንም ዓይነት ችግር ይቀበላል። ሲሞላ የውሃው ክብደት ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሲለቀቅ በግድግዳው ጀርባ ያለው እርጥብ አፈር መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋል። በቅጥሩ ላይ የበቀሉት ታላላቅ ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ መካከል እንደ ጣት ዘርግተዋል፤ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ውበቱ አይካድም፤ ነገር ግን ሥሩ ድንጋዩን በአንድ ወገን እያቀፈ በሌላው ወገን ስለሚፈነቅል ዛፉን መቁረጥም መተውም እኩል ያስቸግራል።

እንዲህ ያለውን ገንዳ ለመጠገን መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ውሃም አያሳልፍም። በጎንደር ግንቦች ላይም ይኸው ተሞክሯል። ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶና የብረት አርማታ ገብቷል። የጎንደር ቅርሶች በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ የፋሲል መዋኛም፣ ራቅ ብሎ ያለው ጉዛራም በአንድነት ተመዝግበዋል፤ ዩኔስኮም ስለ ቅርሱ ትክክለኛነት ሲጽፍ ያንን የወረራ ዘመን ሲሚንቶና አርማታ የማይገባ ብሎታል።

ፍርዱ የዘመኑን ፖለቲካ በመጥላት ብቻ የተሰጠ አይደለም። በኖራ የተሠራ ግድግዳ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ፊቱ በሲሚንቶ ከተለሰነ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ በልስኑ ጀርባ ተከማችቶ አሮጌውን ኖራ ያላላዋል፣ ከሲሚንቶው የሚመጣውም ጨው በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ እየደረቀ ፊቱን ይልጠዋል። ሲሚንቶው ከድንጋዩና ከኖራው ይልቅ ጠንካራና ግትር ስለሆነ ግንቡ በሙቀትና በእርጥበት ሲንቀሳቀስ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ የሚሰነጠቀውም በአብዛኛው አሮጌው ድንጋይ እንጂ አዲሱ ልስን አይደለም። የአርማታው ብረት ሲዝግ ደግሞ ዝገቱ ከብረቱ በብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚፈልግ ዙሪያውን ይፈነዳል። በመውጫ አፍ ላይ ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ። ጠርዙን በሲሚንቶ ያጠበቀ ጠጋኝ ለጥቂት ዓመት ውሃውን ያቆማል፤ ውሃው ግን በልስኑና በአሮጌው ግንብ መካከል ሌላ መንገድ ያገኛል፤ ያ መንገድ ከዓይን የተሰወረ ስለሆነ የሚታወቀው ወለሉ ሲሰምጥ ነው።

ወደ ብረቱ ገንዳ ለመሻገር ወደ ደብረ ታቦር መመለስ ይጠቅማል። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞች ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከነሐስ ቀልጦ እንዲወጣ አደረጉ። መድፉ ወደ መቅደላ ተጎትቶ ዛሬም በዚያ ይገኛል። የጋፋት እሳት ከጠፋ ብዙም ሳይቆይ በሌላው ዓለም ቀልጦ በተሠራ ብረት ላይ መስታወት ማልበስ ወደ መታጠቢያ ገንዳ ገባ። ጆን ሚካኤል ኮለር በ1883 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ከብት የሚጠጣበትን የብረት ገንዳ ኢናሜል አልብሶ መታጠቢያ እንዳደረገው ኩባንያው ይተርካል። በኋላ ስሙ በመኪና የታወቀው ዴቪድ ቢዊክም አስቀድሞ የደከመው በዚሁ የኢናሜል ሥራ ነበር።

በአዲስ አበባ መታጠብ ከፍል ውሃ ጋር የተያያዘ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ በ1886 የሰፈሩበት ምንጭ ለከተማዋ መመሥረት ምክንያት ሆኗል። በበጌምድርም የዋንዛዬ ፍል ውሃ እስከ ዛሬ ፈውስ ፈላጊ ይሄድበታል። በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገባው በ1890ዎቹ በስዊሳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ ሥራ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ዕቃ ማስመጣት ቀለለ። ቧንቧ ሠራተኛው ዛሬም ገንዳውን ባኞ ብሎ በጣሊያንኛ ስሙ ይጠራዋል።

የባኞው ኢናሜል ከ800 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ከብረቱ ጋር የተዋሐደ መስታወት ነው። ብልሃቱ በቀለሙ ላይ አይደለም። መስታወቱ ሲበርድ ከብረቱ በጥቂቱ ያነሰ እንዲኮማተር ተደርጎ ይቀመማል፤ ያን ጊዜ ብረቱ መስታወቱን አጥብቆ ስለሚይዘው አይሰነጠቅም። በመውጫው ቀዳዳ ጠርዝ ግን ብርጭቆው ይሳሳል፤ ቧንቧ ሠራተኛው የነሐሱን መውረጃ ከመጠን በላይ ሲያጠብቅ ይፈነጠራል፤ የቧንቧ ጠብታና የአሲድ ማጽጃ የቀረውን ያሳሱታል። ብረቱ ከተገለጠ በኋላ ነሐስና ብረት በአንድ እርጥበት ውስጥ ተገናኝተው እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው ብረቱ ነው። በመውረጃው ዙሪያ የሚታየው ቡናማ ቀለበት የዚህ ምልክት ነው፤ ከመውረጃው ከንፈር ሥር የተሸሸገው ከሚታየው ይሰፋል።

ጥገናው መውረጃውን ፈትቶ በማውጣት ይጀምራል፤ በላዩ የሚቀባ ሰው ዝገቱን ከነሕይወቱ ይቀብረዋል። ዝገቱ ብረቱ ነጥቶ እስኪታይ ይፋቃል፣ የልዩ ልዩ ቀዳዳዎቹ ቅሪት በፎስፎሪክ አሲድ ይታከማል፣ ታጥቦም በሙቅ አየር ፈጽሞ ይደርቃል። የተበላው ጉድጓድ በኢፖክሲ ይሞላል፤ በሸካራ ወረቀት ከተስተካከለ በኋላ በሁለት አካል ቀለም ይሸፈናል። አዲሱ መውረጃ ከባኞው ብረት ጋር ሳይነካካ በላስቲክ ቀለበት ላይ ይቀመጣል፤ ማጥበቁም በልክ ይሆናል። ብረቱ ተበልቶ ከተቀደደ ግን ኢፖክሲ የመውረጃውን ክብደት አይሸከምም፤ ከሥሩ የብረት ወይም የነሐስ ሰሌዳ ሳይደገፍ የተሠራ ሥራ አይቆይም።

በጥሩ እጅ የተሠራ እንዲህ ያለ ጥገና ለዓመታት ያገለግላል። ቢሆንም ኢፖክሲ መስታወት አይደለም። የባኞውን ኢናሜል በራሱ ዓይነት ለመመለስ ገንዳውን ከቤት አውጥቶ ወደ ምድጃ መክተት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በማይመሳሰል ነገር መጠገኑ ግዴታ ሆኖበት ነው። የፋሲል መዋኛ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ድንጋዩ ከአገሩ ይገኛል፤ ኖራው ዛሬም ይቃጠላል፤ የተበላው ማጋጠሚያ ተፍቆ በተመሳሳይ ኖራ ሲሞላ አዲሱና አሮጌው በአንድ ጠባይ ይኖራሉ፣ ነገም እንደገና ሊፈቱና ሊጠገኑ ይችላሉ። በዚህ ረገድ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ግንበኛ ሥራ ከፋብሪካው ባኞ ይበልጣል። በሲሚንቶ መጠገን ይህን ብልጫ አውቆ እንደ መጣል ነው።

የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ክረምቱ በመስከረም አልቆ ሥራ ቢጀመር ጥር 11 ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፤ በጥልቅ የተሞላ ኖራ በዚያን ጊዜ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው፣ ውሃውም ተሞልቶ በመውጫው በኩል በሙሉ ኃይሉ ይለቀቅበታል። ጠጋኞች ወደ ሲሚንቶ የሚሳቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ጥድፊያ ነው። በዓሉ እንዳለፈ፣ ውሃው ተለቆ ወለሉ ሲገለጥ የተጀመረ ሥራ ግን እስከ ሰኔ አምስት ደረቅ ወራት ያገኛል፤ በእነዚያ ወራት ኖራው ፀሐይ እንዳያደርቀው በእርጥብ ጨርቅ እየተሸፈነ፣ በክረምትም ከጎርፍ እየተጠበቀ የሚቀጥለውን ጥምቀት ለመቀበል ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ዕድሜ ይኖረዋል።