በአንድ ፖስታ ሣጥን፦ ሊኑክስ ኢንተርኔት ማካፈል እንዴት ጀመረ?

ደብረ ታቦር የተማረ ሰው የትምህርት ቤት ፖስታ ሣጥን ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ቁጥሩ አንድ፣ ደብዳቤ የሚጠብቀው ተማሪ ግን መዓት ነው። ፖስታው ላይ ስምና ክፍል ስለሚጻፍ ለባለቤቱ ይደርሳል።

ላፕቶፕ በዋይፋይ ያገኘውን ኢንተርኔት ዋይፋይ ለሌላቸው ዴስክቶፖች በኬብል ሲያካፍልም ይኸው ነው የሚሆነው። ዘዴው የመጣው ከእጥረት ነው፦ የዘመኑ የኢንተርኔት አድራሻ 32 ቢት ስለነበር ከ4.3 ቢሊዮን አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1994 ኤጌቫንግና ፍራንሲስ የውስጥ አድራሻን በውጪ አድራሻ መተካትን በጽሑፍ አቀረቡ። በ1996 የወጣው ሊኑክስ 2.0 «ማስከሬድ» ብሎ ይዞት መጣ፤ ጭምብል ማጥለቅ እንደማለት ነው (ስሙን ያወጣው ሰው ጨዋታ ያውቃል)። እኛ አገር ኢንተርኔት በስልክ ሞደም የገባው በዓመቱ፣ በ1997 ነው።

ዴስክቶፑ መልእክት ሲልክ ላፕቶፑ የላኪውን አድራሻ ፍቆ የራሱን ይጽፋል፤ «ስምና ክፍል» የሚሆነውን የፖርት ቁጥር መዝግቦ ይይዛል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ያደርሳል።

ታዲያ ሁለቱን መስመር ዝም ብሎ ማገናኘት አይቻልም ወይ? ብዙውን ጊዜ አይቻልም። የዋይፋይ ጣቢያው ተመዝግቦ ከገባው ካርድ ውጪ በሌላ ካርድ ስም የመጣን መልእክት አይቀበልም። ለአድራሻ እጥረት የተፈጠረው ጭምብል ዛሬ ለዚህም ይጠቅማል።

አሁን ኔትወርክ ማናጀር ላይ የኬብሉን መስመር «ለሌሎች የሚጋራ» ማድረግ ይበቃል፤ ዴስክቶፖቹ በ10.42.0 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣቸዋል። ብቻ ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጉት፤ እሱ ከተኛ ሁሉም ይቋረጣል።