ከ547 ወንበር አንዷ፦ የመርካቶ የምርጫ ታሪክ በአጭሩ

መርካቶ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ስለ ምርጫ የሚያስብ ሰው ብዙ የለም። ግን በ2002 ዓ.ም. ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከ547 የፓርላማ ወንበር ያገኙት አንድ ብቻ ነበር። ያቺ አንዷ ወንበር የመጣችው ከዚሁ ከመርካቶ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አዘጋጅተንላችኋል። ሴቭ አድርጉት፣ ምርጫ ሲመጣ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሮቹ

ጣሊያን በወረራው ጊዜ የአራዳ ጊዮርጊስን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ አዲሱን ቦታ “መርካቶ ኢንዲጄኖ” (የአገሬው ሰው ገበያ) አለው። መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። ዛሬ አካባቢው በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሥር ነው።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። የምርጫ ክልልና የአስተዳደር ወረዳ አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ በፓርላማ 23 ወንበር አላት። የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር የመጣው ከተማዋ በ28 ወረዳ ተከፍላ ከነበረችበት ጊዜ ነው። አንዳንዶቹ ተጣምረው “1/9” ወይም “12/13” እየተባሉ የሚጠሩትም ለዚህ ነው። ስለዚህ መታወቂያችሁ ላይ “ወረዳ 8” ስላለ ብቻ ምርጫ ክልል 8 ውስጥ ናችሁ ማለት አይደለም።

በንጉሡ ዘመን (ከ1950 እስከ 1965)

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማ ቢቋቋምም ሕዝብ አልመረጠውም። ሕዝብ የሕግ መምሪያ አባላትን መምረጥ የጀመረው ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ፣ በ1950 ነው። ከዚያ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ተመረጠ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እጩው የሚቀርበው በግሉ ነው። ለመወዳደር ደግሞ ንብረት ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር ነጋዴው ሊወዳደር ይችላል፣ ተሸካሚው ግን አይችልም። ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ የሆኑት በዚያው በ1950ው ምርጫ ነው።

በደርግ ዘመን (1967 እና 1979)

በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ። ለመርካቶ ነዋሪ ምርጫ ማለት የቀበሌ ሊቀመንበር መምረጥ ሆነ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ደግሞ 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ድምፅ ተሰጠ። እጩ የሚያቀርቡት ግን ኢሠፓና በሥሩ ያሉ ማኅበራት ስለነበሩ ፓርቲ ከፓርቲ የሚያማርጥ መራጭ አልነበረም።

1987 እና 1992

በ1987 ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አገለሉ። በ1992 አንዳንዶቹ ተወዳደሩ። በአገር ደረጃ በሁለቱም ጊዜ ኢሕአዴግ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

1997፦ 23 ለ0

ግንቦት 7 ቀን 1997 የሆነውን ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ዛሬም ያወሩታል። ቅንጅት መርካቶን ጨምሮ የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ነበሩ።

ግን ቢሮ አልገቡም። በውጤቱ ላይ በተነሳው ውዝግብ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ሰው ሞተ፣ መርካቶም ግጭቱ ከበረታባቸው ሰፈሮች አንዱ ነበር። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አሳውቋል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ በይቅርታ የወጡት በሐምሌ 1999 ነው። ከተማዋን በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባላደራ አስተዳደር ያዘ። በ2000 በተደረገው ምርጫ ምክር ቤቱ ወደ ኢሕአዴግ ተመለሰ፣ አቶ ኩማ ደመቅሳም ከንቲባ ሆኑ።

2002፦ አንዷ ወንበር

ግንቦት 15 ቀን 2002 ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46 ወንበር አገኙ። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱን በደቡብ ክልል በግላቸው የተወዳደሩት ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ አሸነፉ። ሌላውን መርካቶ ላይ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ በመድረክ ጥምረት ውስጥ ከነበረው ከአንድነት ፓርቲ። የአንድነት መሪ ብርቱካን ሚደቅሳ በዚያ ጊዜ እስር ቤት ነበሩ። አቶ ግርማ አምስት ዓመት ሙሉ በፓርላማ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ድምፅ ሆነው ቆዩ።

2007፦ ዜሮ

ከምርጫው ወራት በፊት አንድነት ለሁለት ተከፈለ። ምርጫ ቦርድ እውቅናውን ለሌላኛው ወገን ሲሰጥ የእነ አቶ ግርማ ቡድን ከጨዋታ ወጣ። ግንቦት 16 ቀን 2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። የመርካቶዋ ወንበርም አብራ ሄደች።

2013፦ ብልጽግና

ሰኔ 14 ቀን 2013 ብልጽግና ከአዲስ አበባ 23 ወንበሮች 22ቱን አሸነፈ፣ የመርካቶውም ከነዚህ ውስጥ ነው። አንዱን የግል እጩው ዳንኤል ክብረት ወሰዱ። የሚገርመው ነገር፣ ምርጫውን ያስፈጸመው ቦርድ ሰብሳቢ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ከምርጫው በኋላ አቶ ግርማ የከተማው ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኃላፊ፣ ዶ/ር ብርሃኑ ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ታዲያ የመርካቶን ድምፅ የሚሰጠው ማነው?

ነጋዴው ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም! በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ 1162 መራጩ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። የሚቆጠረው የምትኖሩበት ነው፣ የምትሠሩበት አይደለም። ሱቁ ሸማ ተራ፣ ቤቱ አያት የሆነ ሰው ድምፁ አያት ነው። ሰባተኛ ወይም አባ ኮራን ሰፈር በቀበሌ ቤት የሚኖረው ግን የመርካቶ መራጭ ነው። ቀን መርካቶን ከሚያጥለቀልቀው ሕዝብ ውስጥ ወንበሩን የሚወስነው ማታ እዚያው የሚያድረው ነው ማለት ነው። ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲሄድ ድምፁም አብሮት ይሄዳል።

ሌላው፣ የእኛ ሥርዓት የሚሠራው በድምፅ ብልጫ ነው። ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፣ ከግማሽ በላይ ማግኘት የግድ አይደለም። ድምፅ በብዙ እጩ ሲከፋፈል ጥቂት ሰው ውጤት ሊቀይር ይችላል። ማንንም ምረጡ፣ እሱ የእናንተ ነው። ግን ቤት የቀየራችሁ ካላችሁ የት እንደምትመዘገቡ ከአሁኑ አጣሩ። ካርድ ያልወሰደ ሰው በምርጫው ቀን ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ቢውልም አይመርጥም።

ሰፈራችሁ የት ነው? የቀጣዩን ሰፈር የምርጫ ታሪክ የምንሠራው በብዛት ከጠየቃችሁን ተነስተን ነው።