ጥቁሩ ጨርቅ፦ የሬምብራንት «የጨርቅ መርማሪዎች» እንደገና ሲታይ

ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1662 የአምስተርዳምን የጨርቅ መርማሪዎች ስለሣለበት የቡድን ምስል ብዙ ተጽፏል። ስለ ብርሃኑና ስለ ቀለም አቀባቡ የተባለው በቂ ነው፤ አልደግመውም። ክርክሬ በመጀመሪያ ከሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊው ከአሎይስ ሪግል ጋር ነው።

ሪግል በ1902 ባሳተመው ጥናቱ ሥዕሉን የፈታው በ«ትኩረት» ነበር፤ ሊቀመንበሩ ይናገራል፣ ባልደረቦቹ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ያለ የማይታይ ባለጉዳይ ምን እንደሚል ይከታተላሉ። ሌላው የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ቫን ደ ዋል በ1956 መርማሪዎቹ ፊት ተሰብሳቢ እንዳልነበረ ተከራክሮ ያንን ባለጉዳይ ከክፍሉ አስወጣው። ደግ አደረገ። ነገር ግን ሁለቱም የሰዎቹን ዓይን ሲከተሉ ልብሳቸውን ሳያዩ አለፉ።

የአምስቱ ሹማምንት ሥራ ሰማያዊና ጥቁር የተነከረ የሱፍ ጨርቅ ከናሙና ጋር እያስተያዩ ጥራቱን መፍረድ ነበር፤ ፍርዳቸውም በእርሳስ ማኅተም ይጸድቃል። የለበሱት ምንድን ነው? ጥቁር። በዚያ ዘመን ደህና ጥቁር በአንድ ንክር አይገኝም፤ ጨርቁ መጀመሪያ ሰማያዊ ተነክሮ ጥቁሩ በላዩ ይመጣል። እንግዲህ ሰዎቹ የሚዳኙትን ዕቃ ለብሰው ተቀምጠዋል ማለት ስሕተት አይመስለኝም። ይህን «የጨዋነት ምልክት» ብሎ ማለፍ የፈታዩን፣ የሸማኔውንና የነካሪውን እጅ መሰረዝ ነው።

እጆቹ ያሉት ላይደን ነው። ኢሳክ ቫን ስቫነንቡርኽ ለከተማዋ የሳይ (ቀላል የሱፍ ጨርቅ) አዳራሽ በሣላቸው ተከታታይ ሥዕሎች ሱፍ ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ድር ይደወራል፣ ይሸመናል፣ ይነከራል። ሠዓሊው ራሱ የከተማዋ ከንቲባ ስለነበረ ሠራተኞቹን ሳያሳምር አልቀረም፤ ይህን እቀበላለሁ። የሥራውን ቅደም ተከተል ግን አሳምሮ አልፈጠረውም። የምስል ተመራማሪዎች ይህን ምስክር ለኢንዱስትሪ ታሪክ ጸሐፊዎች ትተውታል።

«በቡድን ምስል የሚሣለው የከፈለ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ታዲያ ፍራንስ ሄንድሪክስ ቤል ምን ሊሠራ ገባ? የቤቱ አገልጋይ ነው፤ ከኋላ ቆሟል። አምስቱ ቤት ውስጥ ሆነው ባርኔጣቸውን አላወለቁም፤ የእሱ ራስ ባዶ ነው። በኤክስሬይ እንደታየው ሬምብራንት የቤልን ቦታ ደጋግሞ ቀያይሯል። በቅንብር ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ሠዓሊው የደረጃውን ወሰን የት እንደሚያሠምር ሲቸገር አየዋለሁ።

የስቫነንቡርኽ ሥዕሎች ዛሬም በላይደን ላከንሃል ሙዚየም አሉ። ስለ አምስቱ መርማሪዎች ሊጽፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ እነዚያን ሥዕሎች ይይ።