የሐርላ አፈርና የማይቶች ምደባ፦ ከሕያው ዝርያ ወደ ጥንታዊ ቅሪት

በድሬዳዋ አቅራቢያ የምትገኘው ሐርላ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎችን ቀልብ ከሳበች ቆይታለች። ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ስፍራ፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችንም አሳይቷል። ዶቃውም ሳንቲሙም ተለይቶ ተመዝግቧል። በዚያው አፈር ውስጥ የሚኖሩት ማይቶች ተመሳሳይ ትጋት ይገባቸዋል፤ ያለ እነርሱ የአካባቢው የንግድ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ሳይነበብ ይቀራል።

ማይት የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። ከአፈር ማይቶች መካከል ኦሪባቲድ የሚባሉት አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ፣ ቅርፊታቸው የጠነከረ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ የሚመገቡ ናቸው። በዓለም ከ10,000 በላይ ዝርያዎቻቸው ተሰይመዋል። በአገራችን የቅርብ ዓመታቱ የዝርያዎቹ ገለጻ በአመዛኙ የሩሲያዊው ሰርጌይ ኤርሚሎቭና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ከኤካተሪና ሲዶርቹክና ከሊዮኒድ ሪባሎቭ ጋር የባሌ ዲንሾን ማይቶች አጥንቷል። በ2012 ደግሞ ከኔቪል ዊንቸስተር፣ ከማርጋሬት ሎውማንና በቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናታቸው ከሚታወቁት ከዓለማየሁ ዋሴ ጋር ሁለት አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጿል። ሥራው ትልቅ ነው። ሆኖም የደጋ ደን ዝርዝር ግራርና ቁልቋል የበቀለበትን የምሥራቁን ደረቅ ምድር ሊወክል አይችልም።

ማይቶችን ከአፈር የማውጣቱ አሠራር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አፈሩና የረገፈው ቅጠል በማጥለያ ላይ ተደርጎ ከሥሩ ማንቆርቆሪያ (ፈነል)ና አልኮል የያዘ ዕቃ ይቀመጣል፤ ከላይ አምፖል ይበራል። አፈሩ እየሞቀና እየደረቀ ሲሄድ ማይቶቹ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዱና አልኮሉ ውስጥ ይወድቃሉ። ከባዱ ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ናሙና በላክቲክ አሲድ ብርሃን እንዲያሳልፍ ተደርጎ ከጀርባ፣ ከሆድና ከጎን በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከራሱ ጎን ካለች ጉድጓድ የምትወጣው ስሜት ተቀባይ ፀጉር ክር ትመስላለች ወይስ ጫፏ ያበጠ ነው? የጀርባው ፀጉር ስንት ጥንድ ነው? እግሩ አንድ ጥፍር አለው ወይስ ሦስት? አንድን ዝርያ ከቅርብ ዘመዱ የሚለየው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስሙ የሚጸናው አንድ ዋና ናሙና ሲመረጥ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ናሙናው የሚቀመጥበት ተቋም እንዲገለጽም ያዛል። በእኔ እምነት ቢያንስ ተጓዳኝ ናሙናዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ሙዚየም መቅረት አለባቸው፤ የእኛ ተማሪ የአገሩን ማይት ለማየት ባሕር መሻገር የለበትም።

ማይት ከንግድ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በቅሪቱ በኩል ነው፦ የኦሪባቲድ ቅርፊት በሐይቅ ደለል ውስጥ ለብዙ ዘመናት ሳይበሰብስ ይቆያል። አሌክስ ቼፕስቶው-ለስቲና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በፔሩ ኩዝኮ አካባቢ በማርካኮቻ ደለል ውስጥ ያሉትን ማይቶች ቆጥረው በየዘመኑ በአካባቢው ይግጡ የነበሩትን የላማ መንጋዎች ብዛት ገምተዋል። እበት ሲበዛ ማይት ይበዛል፤ ጎርፍም ወደ ውሃው ያጥበዋል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ የሐረማያ ሐይቅ አለ። የሲራራ ነጋዴ ግመልና አህያ ባለፈበት ምድር ያለ ደለል ተመሳሳይ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።

ግን ከደለል የወጣን ቅርፊት የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ለመለየት በሕይወት ያለው ዘመዱ አስቀድሞ ተገልጾ መገኘት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ናሙና መወሰድ ያለበት ዝናብ ጥሎ ከቆመ በኋላ፣ ከሐርላ ግራሮች ሥርና ከሐረማያ ዳርቻ ግጦሽ ነው፤ የሐይቁ ቁፋሮ ከዚያ በኋላ ይከተላል።